ባና የለበሰ ቤንዚን

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «ጽናትማ ቆላ ወርዳ እንፋሎት ትገምታለች» ትልና ትስቅ ነበር። ውሸት አይደለም። የምሠራው ድፍድፍ ነዳጅ በሚጠራቀምበት ጣቢያ ነው። በትልልቆቹ የብረት ታንከሮች ውስጥ የተኛው ነዳጅ ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅ፣ ጋዙ ከአየር ይከብድ እንደሆነ፣ በምን ያህሉ እሳት እንደሚይዝ አስቀድሜ እገምታለሁ። ግምቴ ከተሳሳተ ሰው ይሞታል። ይህን ግን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም፤ እንቅልፍ ታጣለች ብዬ።

ባለፈው ጥር አባቴ ደረታቸውን ታመው ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ደጋ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታችን መጣሁ። በማግስቱ ልመለስ ነው በተባለው ቀን ጠዋት፣ ደጅ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ በሩ ላይ ሽታ ተቀበለኝ። የቤንዚን ሽታ ነበር።

አባቴ በስተቀኝ መደቡ ላይ ተኝተዋል። በስተግራ ደግሞ የወንድሜ የወንድምአገኝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። ነዳጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ ለሞተር ሳይክሉ ባገኘ ቁጥር ያጠራቅማል፤ ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው ግን ውጭ፣ ከበረቱ ጀርባ ነበር። አሁን ቤት ገብቷል። ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ለብሷል። አጠገቡ ማንደጃ ተቀምጦ ፍሙ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን አስገባው?»

«ወንድምሽ ገበያ ሳይሄድ አስገባልኝ። አባትሽ ናቸው ያዘዙት። ቁር መትቶታል፣ ትንሽ ይሙቀው ብለው።»

እኛ አገር ቁር የመታው ነገር ሁሉ ይሸፈናል፤ በሽተኛውም፣ ግልገሉም፣ ሊጡም። አሁን ደግሞ ለቤንዚንም ተራው ደርሷል። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

የበርሜሉ ጎን ተነፍቷል። ከክዳኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ይሰማል። በርሜሉ ግማሽ ድረስ ነው፤ ባዶው ግማሽ ጋዝ ሞልቶታል ማለት ነው። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ የታፈነ ጋዝ ለመውጣት ብዙ አይታገልም። ከወጣም እንደ ጭስ ወደ ጣራ አይሄድም። እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ማንደጃው ሥር ትናንት የተወለደው ግልገል ተጋድሟል። በእግሬ ነካሁት። አልተነሣም፤ ጋዙ አደንዝዞታል። ከአፍንጫው እስከ ፍሙ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

«እማዬ፣ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ። ፍሙ ላይም ውሃ እንዳታፈሺ፣ ይፈናጠራል።»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቤቱ ሊነድ ነው።»

ማንደጃውን በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አነሣሁት። መሮጥ አማረኝ፤ ብሮጥ ግን ወለሉ ላይ የተኛው ጋዝ ይናወጣል። እግሬን እያንሸራተትኩ ወደ በሩ ተጓዝኩ። መሐል ላይ ፍሙ ጧ ብሎ አንድ ፍንጣሪ ዘለለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ ሳሉ። ዓይኔን ስገልጥ ፍንጣሪው ክንዴ ላይ ጠቁሯል፤ እኔም ቆሜያለሁ። እንደምንም ወጥቼ ማንደጃውን ከእርሻው ማዶ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ በርሜሉ ነበር። እናቴ ባናውን ልትገፍፈው እጇን ስትዘረጋ ጮኽኩባት። ልጆች ሳለን በጨለማ ባና እየገፈፍን ብልጭ ብልጭ ሲል እናይ ነበር፤ ያኔ ጨዋታችን ነበር፤ አሁን ያ ብልጭታ እሳት ነው። ውሃ አፈሰስንበትና ከነባናው ተሸክመን አወጣነው። ከዚያ አባቴን አዘልኳቸው። ቀልለዋል። በረቱ ውስጥ፣ በጎቹ መሐል አስተኛናቸው፤ ግልገሉንም አጠገባቸው።

እናቴ ሰፌድ ይዛ ቤቱን ታራግብ ጀመር። «ወደ ታች፣ እማዬ፣ ወለል ለወለል» እላታለሁ። ጓዳው ከቤቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ጋዙ እዚያ እንደሚያደባ ስለማውቅ ደጋግመን ጠረግነው። በር መስኮቱን ከፍተን ጠበቅን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ በረታ። የአባቴ ከንፈር ጠቆረ፤ ሳላቸው አጠረ። ጭድ በተከመረበት በረት እሳት አይታሰብም።

«ጎረቤት እንውሰዳቸው?» አልኩ።

«ገደሉን አሻግረን? በዚህ ነፋስ መንገድ ላይ ይቀሩብናል። ቤታቸው ይግቡና እሳት ይሙቁ እንጂ። መቼ ነው እሳት የሚነደው?»

ለዚህ ጥያቄ ደሞዝ ይከፈለኛል። ጣቢያው ግን የጋዝ መለኪያ መሣሪያ አለው፤ እዚህ ያለኝ አፍንጫዬ ብቻ ነው፣ አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል። ራቅ ብዬ ሄጄ ንጹሕ አየር ስቤ ተመለስኩና ጓዳው ወለል ላይ ተደፋሁ። የአፈርና የእበት ሽታ ብቻ መሰለኝ። እናቴም ከበረት መጥታ አሸተተች። «ምንም» አለች።

ክብሪቱን ተቀበልኳት። «አንቺ ውጪ።»

«ልክ ከሆንሽ ለምን እወጣለሁ?»

«ግምት ነው፣ እማዬ።»

መገመት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ የቀሚሴንም ጫፍ ያዘች። አባቴ በረት ውስጥ ሲስሉ ይሰማል። «በስመ አብ» አለች።

ጫርኩት።

ክብሪቱ እንደ ማንኛውም ክብሪት ነደደ። ጣቴን እስኪለበልበኝ ድረስ አልጣልኩትም።

አባቴን አስገብተን ምድጃው አጠገብ አስተኛናቸው። ሲሞቃቸው የፊታቸው ወዝ ተመለሰ፣ ዓይናቸውም ፈለገኝ።

«ጽናት፣ ቤንዚኑስ ሞቀለት?» አሉ። «ነገ የወንድምሽ ሞተር በቁር አልነሣም ብሎ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ ብዬ እኮ ነው።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ክብሪት የለበለበውን ጣቴን በለበሱት ባና ሥር ደብቄ፣

«ሞቆታል፣ አባዬ» አልኳቸው።