ለማን ነው የተነሣኸው?

ግሩም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። የጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ከሞተር ከወደቀ ወዲህ ግራ ጉልበቱ በቅጡ አልታጠፍ ብሎት ቀርቷል። ሐኪሙም «ከዚህ በላይ አይሻልህም» ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። እሱ ግን እንደ ድሮው ኩንታል የሚያህል ብረት ተሸክሜ ቁጭ ብድግ ካልሠራሁ እያለ ሐይቁ ዳር ያለውን ጂም አስቸገረ።

አሠልጣኟ ሩሐማ ብረቱን ነጥቃ ከፍ ያለ ወንበር ሰጠችው።

«ከዚህ ላይ እስከ ግማሽ ተነሥተህ ተመለስ። ዐሥር ጊዜ።»

«ይሄማ ለሽማግሌ ኖር ማለት ነው እንጂ ምኑ ስፖርት ነው?» አለ። እያጉረመረመም ጀመረ።

ሦስተኛው ላይ የግቢው ባለቤት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ጓሯቸው ሊያልፉ ገቡ። ግሩም ልክ ብድግ ሲል ደረሱ።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ፣ በዚህ እግርህ!»

ተቀመጠ። ቁጥሩ ግን አልሞላም፤ እሳቸው ቆመው እሱ መቀመጡም ነውር መሰለው። እንደገና ተነሣ።

«ኧረ በሞቴ!» ብለው ሁለቱን ትከሻውን ተጫኑት። እሱ ሲነሣ እሳቸው ሲጫኑ፣ እሳቸው ሲጫኑ እሱ ሲነሣ ላቡ ተንቆረቆረ። ስፖርት መሆኑን እንዳይነግራቸው ትንፋሽ አጠረው።

«እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬ የት ይገኛል!» እያሉ መርቀውት ሄዱ።

«ዐሥራ አራት» አለች ሩሐማ። «ክብደት አምሮህ አልነበር?» ከዚያም በመስኮት ብቅ ብላ ተጣራች፦

«እማማ! ነገም በዚሁ ሰዓት ይለፉ፣ እባክዎ!»