ዝግባው ሥር ያለችው ክፍል

«ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?» አለ የመሬት ይዞታ ሠራተኛው እስክሪብቶውን ፎቶው ላይ አሳርፎ።

«ዝግባ ነው» አለች ፍዮሪ። «የአባቴ ወርቅ መሥሪያ ከሥሩ ነው ያለው።»

«ለእኔ የሚታየኝ ዛፍ ነው። ፎቶው በተነሳበት ዓመት ጣሪያ ካልነበረ ክፍሏ በኋላ የተሠራች ናት። ለልማት ስትፈርስ ምትክ ቦታ የላትም።»

አባቷ አቶ ተክላይ ከጎኗ ተቀምጠዋል። እዚያች ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ወርቅ አቅልጠዋል፤ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ ቀለበት የሚያሠሩት እሳቸው ዘንድ ነው።

ፍዮሪ የፊዚክስ መምህርት ናት። ባለፈው ወር የጠፈር ክበብ ተማሪዎቿ የድሮ የሳተላይት ምስል ከፍተው የየቤታቸውን ጣሪያ ሲያገኙ ክፍሉ በሳቅ ተሞልቶ ነበር። ሐሳቡም ያን ቀን መጣላት። አባቷ ሦስት ጎረቤቶችን ለምስክርነት አዘጋጅተው ሳለ፣ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን ለምን ታደክማለህ? ከሰማይ የተነሳ ፎቶ እያለ!» ብላ አስቀረቻቸው። ምስሉን አትማ፣ ቦታውን በቀይ ከብባ ያስገባችው ራሷ ናት። ከዛፉ ሥር ላደገች ልጅ ዛፉን ማየት ቤቱን ማየት ነበር። ለሌላ ሰው ቅጠል ብቻ እንደሚሆን አንዴም አልታሰባት።

«አሁን ምስክሮቹን ባመጣስ?» አሉ አቶ ተክላይ።

«አባባ፣ ውሳኔው ወጥቷል። ማስረጃውን ያቀረባችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሠራተኛው።

የቸርችልን ዳገት ይዘው ወደ ቤት ወጡ። ፍዮሪ በሳተላይቱ ልትናደድ ፈልጋ አልሆነላትም። ያየውን ነው ያሳየው። የተናደደችው በራሷ ነው።

ደጃፉ ላይ ሊመሰክሩ ከነበሩት ጎረቤቶች ሁለቱ፣ አቶ አጥናፉና ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ቆመው ጠበቋቸው። የሆነውን ሲሰሙ ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ።

«እኛ ቆመን ሳለን ፎቶ ይበቃል ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ተክላይ ፈጠን ብለው። «ልጅቷማ ጎረቤት ይጠራ ብላ ነበር።»

«አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ ተክላይ፣ የእኛ ቃል አንሶህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

አቶ ተክላይ አንገታቸውን ደፉ። አቶ አጥናፉ ወደ ቤታቸው አመሩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግን ፊታቸውን ወደ ፍዮሪ አዞሩ።

«አንቺ ንገሪኝ ልጄ፣ እውነት እሱ ነው?»

ፍዮሪ አባቷን አየች። እሳቸው አላዩዋትም።

«አዎ» አለች፣ «አባዬ ነው።»