የተጨበጠ እጅ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በስልኩ፣ በማሽኑ ጩኸትና በቋንቋው ላይ ሊያሳብብልኝ ስለሞከረ ነው።

አባዬ እንጨት ጠራቢ ነው። እኔ ሴት ልጁ ደግሞ በወርክሾፑ ውስጥ ስልክ አንሺ፣ ዕቃ አድራሽና በብርጭቆ ወረቀት አሻሽ ነኝ። የራሴን በርጩማና ወንበር እሠራለሁ፤ የእሱ ሥራ ላይ ግን መሮ እንዳሳርፍ ተፈቅዶልኝ አያውቅም። ሃያ ዓመቴ ላይ እሱ የጠረበውን ንስር ምንቃር ገንጥዬበት ንስሩ እርግብ ተብሎ ተሸጠ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያቺ እርግብ ከላዬ አልወረደችም።

ስልኩ የተደወለ ቀን የመላጊያ ማሽኑ ይጮህ ነበር። ደዋዩ ከአምስት የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ጸሐፊ ነው። ለሐዘን፣ ለሠርግና ለጸሎት የሚሰበሰቡበት አንድ የጋራ አዳራሽ ሠርተዋል፤ ከበሩ በላይ የሚቆም ትልቅ የእንጨት ቅርጽ ይፈልጋሉ። «የተጨበጠ እጅ» አለኝ። ከዚያም ብዙ አወራ። እኔ ግን ተነስቼ ማሽኑን ማጥፋት ከብዶኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «የተጨበጠ እጅ፣ ከበር በላይ፣ ትልቅ»።

አባዬ ግድግዳውን ማንበብ ከተወ ቆይቷል፤ ዓይኑ ደክሟል። አነበብኩለት።

«ማን ነው የጨበጠው?» አለኝ።

«ሌላ ሰው ነዋ! ራሱን በራሱ የሚጨብጥ እጅ የት አይተሃል?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ገደል ሲገባ አንዳንዴ እንዲህ እየሳቀ ነው የሚገባው።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ እውነቱን ነግሮን ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ የአባዬ ዓይን ፈጽሞ ይጠፋል። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «እንግዲህ አንድ ሥራ ይበቃኛል። አንድ ደህና ሥራ» አለ። ያ አንድ ሥራ ይሄ ሆነ። ከጣሪያው ሥር አሥራ አንድ ዓመት ያደረቀውን የዋንዛ ግንድ አስወረደኝ። ስንት ሰው ለምኖት እምቢ ያለበት ግንድ ነው።

አራት ወር ሠራ። አንዱን እጅ ከራሱ ቀኝ እጅ ቀዳው፣ በግራው እየዳሰሰ። ሌላውን ከኔ ወሰደ። ከምሳ በኋላ «እጅሽን አምጪ» ይለኛል፤ አንጓዬን፣ መዳፌን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዳብስና ወደ እንጨቱ ይመለሳል። ሲጨርስ ሁለት ቀኝ እጆች ጥብቅ ብለው ተጨባብጠው ወጡ። የእሱ ደም ሥሮች አሉ። የኔ አጭር አውራ ጣት አለ፣ የተበላ ጥፍሬ እንኳ አልቀረም። እውነቴን ነው፣ አባዬ ከሠራው ሁሉ እንደዚያ የወደድኩት የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ጸሐፊውና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊያዩት መጡ። አዳራሹ እሑድ ይመረቃል። ጸሐፊው ክራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ ሲናገር እንኳ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ዓይነት ረጅም ሰው ነው። ሊቀ መንበሯ ነርስ ናት፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። ጨርቁን ገለጥኩላቸው። ዝም አሉ። ተደንቀው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

«ሁለተኛው እጅ የማን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«እንዴት የማን?»

«እኛ የተጨበጠ እጅ ነው ያልነው። እንዲህ!» ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ጣሪያው አነሳ። «በስልክ ነግሬሻለሁ። አንድ እጅ፣ ወደ ላይ የተነሳ! ይሄ እኮ የባንክ ማስታወቂያ ነው።»

ሰላም ማለቱም መጨበጥ ነው፣ ቡጢ ማድረጉም መጨበጥ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ሥራ የቀጠረውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

አባዬ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ «ምን እያደረገ ነው?» አለ። የተነሳው እጅ አልታየውም።

«ቡጢ ነው የፈለጉት፣ አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲያወሩኝ ማሽኑን አላጠፋሁም።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዞረና «ቡጢ?» አለ። «ማንን ልትመቱ ነው?»

ሲስተር ሳቀች። «ማንንም አንመታ፣ አባባ። ለመምታት ቢሆንማ ወደ ፊት ነበር የምንሰነዝረው። ይሄ ወደ ላይ ነው።» ወንበር ሳብኩላትና ተቀመጠች። «በፊት ሰው በሞተብን ቁጥር እንጣላ ነበር። ግማሹ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ግማሹ የመስጊድ፤ አያቶቹን በስም እየጠራ የሚጸልይም አለ። ማን ይቅደም፣ ማን ዝም ይበል! አስከሬን አስቀምጠን እንጨቃጨቃለን። አንድ ቀን የሟች እናት ብድግ ብላ እጇን እንዲህ ጨብጣ አነሳች። ልትመታን መስሎን ጸጥ አልን። ‹አምስቱም ጣቶቼ ለየቅል ናቸው፤ ፈጣሪ ፊት የማነሳቸው ግን አንድ ላይ ነው። ልጄን አንድ ሆናችሁ ሸኙልኝ› አለች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየቃሉ ይጸልያል፤ ሲያበቃ ግን እጃችንን አብረን እናነሳለን። አፍሪካ በመንፈስ አንድ ናት ሲባል በስብሰባ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያመንኩት ግን የዚያን ቀን ነው።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ።

«ሥራው ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም» አለ። «ግን እሑድ ደርሷል። ሸራ ላይ አሳትመን እንሰቅላለን። ይሄ እዚሁ ይቆያችሁ።»

የአባዬ የመጨረሻ ሥራ ጨርቅ ለብሶ ወርክሾፕ ጥግ ሊቀር፣ በቦታው ሸራ ሊሰቀል ነው። ያውም በኔ ስንፍና!

አባዬ ተነስቶ ወደ ሲስተር ሄደ። «ጨብጪና ስጪኝ፣ ልጄ» ብሎ እጇን ዳሰሰ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ጣቶቿ የተጣጠፉበትን። «ባዶ ነው» አለ። «መሃሉ ባዶ ነው። የኔ ባዶ አይሆንም።» ከዚያ ወደ እንጨቱ ዞሮ በጥፍሩ የአንደኛውን እጅ አንጓ ጫረ። «እዚህ ጋ በመጋዝ ቁረጪው።»

«የማንን?» አልኩት፣ የማን እንደሆነ እያየሁ።

«የኔን ነዋ! ያንቺ ይቁም።»

ያሰበው ገባኝ። የእሱ ክንድ ተቆርጦ ከወደቀ፣ የኔ እጅ የጨበጠውን እንደጨበጠ ወደ ላይ ይቆማል። እላዩ ላይ የተጠመጠሙት የእሱ ጣቶች ይነሳሉ፤ መዳፉ ግን በጣቶቼ ውስጥ ይቀራል።

«አንተ ሥራው» አልኩት።

«በኔ ፍጥነት ከሆነ የሚመረቀው የዛሬ ዓመት ነው። መሮውን አንሺ። የንስሩን ነገር ተይው፤ እኔ ረስቼዋለሁ።»

«ባለፈው ሳምንት አንስተኸው ነበር!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ረስቼዋለሁ።»

ሲስተር እስከ እሑድ ጠዋት ጊዜ ሰጠችን። ጸሐፊው «ለማንኛውም» ብሎ ሸራውን ሊያዝ ሄደ።

መጋዙን የአባዬ አንጓ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ያንን የደም ሥር ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ትከሻው ላይ ተቀምጬ ስጫወትበት የኖርኩት ነው። ሌላው ሰው «እንጨት ነው እኮ» ይል ይሆናል። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። አባዬ አልቅሼ እስኪበቃኝ ጠበቀና «በይ እንግዲህ» አለኝ። ቆረጥኩት።

ዓርብንና ቅዳሜን መሮ ከእጄ አልወጣም። የእሱን አራት ጣቶች በስሱ እየላጥኩ ከሥራቸው የኔን እጅ ጀርባ አወጣሁ። አጭሩን አውራ ጣቴን በራሴ ጣቶች ላይ እንዲታጠፍ ማርዘም ነበረብኝ፤ ያንን ከእሱ አውራ ጣት እንጨት ቀረጽኩት። አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ በጆሮው ይከታተለኛል። «ቀስ!» ይላል። «መሮሽ ደንዟል» ይላል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ምንም ማለት አቆመ። የተኛ መስሎኝ ዞር ብዬ ሳይ ነቅቶ ያዳምጣል። ማታ ዘይት ቀብቼ ጨረስኩ።

እሑድ ጠዋት መኪና ይዘው መጡ። የተጨበጠው እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጸሐፊው ዙሪያውን ዞረው፤ ሳያስበው የራሱንም እጅ ጨብጦ አነሳና አስተያየ።

«ከኛ ይወፍራል» አለ። «ያበጠ ይመስላል።»

ሲስተር ተጠጋች። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ወዳለው ክፍተት ጎንበስ ብላ አየች። ከውስጥ የሌላ ሰው መዳፍ ጠርዝ፣ ያረጀና የተሸበሸበ፣ ከነመስመሩ ይታያል።

«አላበጠም» አለች። «ሰው ይዞ ነው።»

ጸሐፊውም ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ክራባቱን አላልቶ ስልኩን አወጣና አንድ ሰው ጋ ደወለ። «ሸራውን አትስቀሉት» አለ። «አዎ። እየመጣን ነው።»

ለኔ ግን ገና አላለቀም። አባዬ ገና አልነካውም። ከበርጩማው ተነስቶ መጣ፣ ሁለት እጁን ዘረጋና ከታች ከክንዱ ጀመረ። አንጓው ላይ ቆም አለ። የእጁን ጀርባ፣ ጉብታዎቹን፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ያዘ። ሄደበት፣ ተመለሰበት፣ እንደገና ሄደበት። ምንቃር ሰባሪዋ ልጁ አጠገቡ ቆሜ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው።

«የኔ የት ላይ አልቆ ያንቺ የት ላይ እንደጀመረ ጠፋብኝ» አለ።

ሲስተርም ጸሐፊውም እያዩኝ ሆዴ እስኪበቃው አለቀስኩ። አባዬ በዳበሳ ትከሻዬን አግኝቶ ከጠረጴዛው ትንሽ አራቀኝ።

«አልቅሺ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። «ግን ወዲህ ሆነሽ አልቅሺ፤ ዘይቱ ገና አልደረቀም።»