የውሃ አባት እግር

አያ ዓሪፍ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሲነክሩ ያየ ሁሉ፣ «እንዲህ ያለ ጠንቃቃ የውሃ አባት ከየት ይገኛል!» ይል ነበር። እኔ ሚስታቸውም እስካለፈው መስከረም ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው።

የውሃ አባት እኛ ዘንድ፣ በመርሳ ዙሪያ፣ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍል ሰው ነው። ዛሬ የማን ሽንኩርት ይጠጣል፣ ነገ የማን ማንጎ፣ ማንስ ተራው ሳይደርስ ከፈተ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀውም የሚዳኘውም እሱ ነው። አያ ዓሪፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተውበታል። በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይወጡና ውሃው ከወንዙ ከሚወጣበት ከጠለፋው እስከ ታችኛው ማሳ ቦዩን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ይመለሳሉ።

በመስከረም መጨረሻ ግን መዘግየት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሰው ሲዘገይብኝ አልችልም። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ያውቁታል፤ አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ሰው እኔ ዘንድ ወይ መኪና ገጭቶታል፣ ወይ እባብ ነድፎታል። አንድ ቀን ቁርሳቸውን በሳህን ከድኜ ከኋላቸው ሄድኩ። ይራመዳሉ፣ ይራመዳሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ። እጃቸውን ይነክራሉ። ጥቂት ቆይተው ይነሣሉ። መቶ እርምጃ እንኳ ሳይሞላ እንደገና ቁጢጥ። የተቀመጡበት ቦታ መክፈቻ የለው፣ መዝጊያ የለው፣ የሚያፈስ ነገር የለው። ጠጋ ብዬ ሳይ አንደኛው እጃቸው ውሃው ውስጥ ነው፤ ሌላው የግራ ባታቸውን ጨብጧል።

«አያ ዓሪፍ፣ ምን ሆኑ?»

«ውሃው ቀነሰ ወይ ብዬ ነው።»

«ውሃ በባት መለካት ጀመሩ?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «ስሄድ ይይዘኛል። እንደ ገመድ ይጠመዝዘዋል። ስቆም ይለቀኛል። እርጅና ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገር አታግዝፊ» አሉኝ።

እኔ ግን ገዘፈብኝ። ውርጌሳ የነበረው ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ «ባቴን፣ ባቴን» ሲል ሁለት ዓመት ከረመና፣ ሐራ ገበያ በግ ሊሸጥ በሄደበት ደረቱን እንደያዘ ወደቀ። በቃ፣ ያው ሆነ። ያኔ ሁላችንም ድካም ነው የገደለው አልን። ዕድሜ ልኩን አርፎ የማያውቅ ሰው ነበር። ቀብሩ ላይ ቆሜ ‹ምነው ባሳረፍነው ኖሮ› ያልኩት እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

አያ ዓሪፍን «ይረፉ» ብላቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልነግራቸው የመስኖ ማኅበሩ ጸሐፊ ወደሆነው ወደ አብዱሰመድ ሄድኩ። የጥቅምቱ የቦይ ጠረጋ ደርሶ ነበር። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል፣ ክረምቱ ያመጣውን ደለል ይዝቃል፣ ሲያበቃ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የዓመቱን የውሃ አባት ይመርጣል። አያ ዓሪፍ ሲመረጡ የኖሩት በአንድ ድምፅ ነው፤ ሌላ ስም ተጠርቶ አያውቅም።

«አብዱሰመድ፣ ዘንድሮ ሌላ ሰው ምረጡ» አልኩት።

«ምን አሉ እትዬ ዓቢዳ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ምን ያጣላናል! እግራቸውን አሟቸዋል። ይረፉልኝ። እኔ እንዳልኩ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

«እሳቸው እያሉ ማን ደፍሮ ይሆናል?»

«አንተ ሁና።»

«እኔ? ወላሂ ሚስቴ እንኳ ውሃ ቅዳ እንጂ ውሃ አካፍል ብላኝ አታውቅም!»

ቀለደብኝ እንጂ እሺ አለ። ጠረጋው አልቆ ሰው ሲሰበሰብ፣ «ዘንድሮ አያ ዓሪፍ ይረፉ» ተባለና በቦታቸው አብዱሰመድ ተመረጠ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። እሳቸውም አልጠየቁም። «አላህ ያግዛችሁ» ብለው አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት መጡ። እኔም የሠራሁትን አልነገርኳቸውም።

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸው፣ እግራቸው ሥር ትራስ አደረግሁ። ሰውነታቸው እንዲጠግን ብዬ ከሥጋው ጮማ ጮማውን መረጥኩላቸው፤ ገንፎውን በቅቤ አራስኩት። ሌላው ቀርቶ ውሃ ለመጠጣት እንኳ እንዲነሡ አልፈቅድም። ቦዩ ላይ ሳሉ በቀን ሦስት አራት የነበረችው ሲጃራ፣ ሲቀመጡ ፓኮ ልትሞላ ደረሰች። እኔ የተቆጣሁት መጋረጃውን ስላሸተተብኝ ብቻ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። መስጊዱ ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ዓርብ ለጁምዓ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። እዚያ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ቆሙ። እጃቸውን የሚነክሩበት ውሃ ስላጡ የሰው አጥር ተደግፈው ነበር የቆሙት፤ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው እየሣቁ ይመልሳሉ። አሳረፍኩት ያልኩት እግር ብሶበታል።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ለምትማረው የልጅ ልጄ ለናጅዋ ደወልኩላት። «እማማ፣ አባባን ይዘው ይምጡ። ዛሬ ነገ አይበሉ» አለችኝ። በማግስቱ ወልድያ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ።

ሐኪሙ ዮናስ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ጫማቸውን አስወለቀና በሁለት ጣቱ የእግራቸውን ጀርባ እየነካ የደም ሥራቸውን ትርታ ይፈልግ ጀመር። የቀኙ ላይ ቶሎ አገኘ። የግራው ላይ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ጣቱን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው አዛወረ፣ እንደገና ፈለገ። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጠመጠመ።

«እግርም ግፊት አለው እንዴ?» አሉ አያ ዓሪፍ።

«አለው አባቴ። ከክንድዎ ጋር እኩል መሆን ነበረበት። የግራዎ ግን ከክንድዎ ግማሹን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከልብ ወደ እግር ደም የሚያመጣው ሥር ደንድኗል፣ ጠቧል። ሲቀመጡ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል። ሲራመዱ ግን ባትዎ ብዙ ደም ይጠይቃል፣ አያገኝም። ያኔ ነው የሚጮህብዎ።»

አያ ዓሪፍ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። በሁለት ወር ውስጥ ነገሬ ብለው ሲሰሙ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ደለል ሞልቶታል በለኛ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ታዲያ ዝጉትና ጥረጉታ! እኔ ስንቱን አስጠርጌ የለም?»

ዮናስ ሣቀ። «የእርስዎ ደለል ቦዩ ወለል ላይ ይተኛል፣ በአካፋ ይዛቃል። ይኸኛው የሚከማቸው ግድግዳው ውስጥ ነው። ስቡ በብዙ ዓመት ቀስ እያለ ይገባል፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ይደድራል። በጣም የባሰበትን በቀዶ ሕክምና የምንረዳበት ጊዜ አለ፤ እርስዎ ገና እዚያ አልደረሱም። ግን ይህ ነገር እግር ላይ ብቻ አይቀመጥም። እግሩ ላይ የታየበት ሰው ልቡም፣ አንጎሉም ላይ ሊኖርበት ይችላል። እግርዎ ቀድሞ ተናገረልዎ ማለት ነው።»

ወንድሜ ደረቱን የያዘበት እጅ ታየኝ። የገደለው ድካም አልነበረም።

«ሲጃራ ያጨሳሉ?»

አያ ዓሪፍ ወደ መስኮቱ አዩ።

«ያጨሳሉ» አልኩ እኔ።

«ከሁሉ በፊት መቆም ያለበት እሱ ነው። ዛሬውኑ።»

«ከምሳ በኋላ?» አሉ።

«ከዚህ በር ሳይወጡ።»

ሦስት ዓይነት ክኒን ጻፈላቸው፤ አንዱ ስቡን የሚቀንስ፣ አንዱ ደሙ እንዳይረጋ የሚከላከል፣ አንዱ ለግፊቱ። «ሕመሙ ቢተውዎትም መድኃኒቱን እርስዎ አይተዉትም» አለ። ጨው እንዲቀንሱ፣ ቅቤና ጮማ እንዲተዉ ሲናገር ፊቴ ጋለ።

«በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«ምን እራመዳለሁ! ከተቀመጥኩ ሁለት ወሬ ነው።»

«ማን ነው ቁጭ ይበሉ ያለዎት?»

«ሰው» አሉ አያ ዓሪፍ። እኔ የሻርፔን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ሰው ተሳስቷል። የእርስዎ አንደኛው መድኃኒት መራመድ ነው። ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይሂዱ፣ ይቁሙ፣ ሲለቅዎ ይቀጥሉ። እንደዚያ እያሉ ግማሽ ሰዓት፣ ቢችሉ በየቀኑ። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሳይቆሙ የሚሄዱት መንገድ ይረዝማል።»

አያ ዓሪፍ አሰቡ። «ዋናው ሲደፈን ውሃው በጎን መንገድ ያበጃል፤ እንደሱ ነው?»

«ይመስለዋል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ሥራ ሲበዛባቸው ይሰፋሉ፤ ባትዎም ባለው ደም መሥራት ይለምዳል። ከተቀመጡ ግን ምን አስቸኮላቸው!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ሲጨነቁ አያለሁ። እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘ ወይም ከነጣ፣ ተቀምጠው ሳሉ ካመማቸው፣ የማይድን ቁስል ካዩበት፣ ደረታቸውን ከያዛቸው፣ አፋቸው ከተጣመመ፣ ያን ሰዓት ‹እስኪ ይደር› አይበሉ፤ ይዘዋቸው ይምጡ። የሚጨነቁት ለዚህ ይሁን። ለመራመዳቸው አይጨነቁ።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሲሪንቃን ስናልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዓቢዳ፣ ማንን የበደልኩ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«የምን በደል?»

«ሁለት ወር ሙሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። የማንን ተራ ለማን ሰጠሁ? የትኛዋን ባልቴት አሳለፍኩ? አንድ ሰው ከስሶኛል። ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንጂ ‹ውሃ ሰረቀ› ብለው ነው ያወረዱኝ።»

እኔ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅዬ ‹አልሐምዱሊላህ አረፉ› ስል፣ እሳቸው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌባ ነኝ ወይ እያሉ ራሳቸውን ሲመረምሩ ነበር የከረሙት። ያን ሁሉ ሲጃራ ያጨሱት ይህን እያሰቡ ነው።

«ማንም አልከሰሰዎትም» አልኩ። «እኔ ነኝ። እግርዎ እንዲያርፍ ብዬ ለአብዱሰመድ የነገርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ መርሳ ደረስን። ከመኪናው ወርደው ባታቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪ» አሉኝ።

«እሺ፣ አሁኑኑ አብዱሰመድ ቤት እሄዳለሁ።»

«አብዱሰመድ ቤት አይደለም። የወረድኩት ዛፍ ሥር ነው።»

የውሃ ተራ የሚደለደልበት ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍም ምግብም አልሆነልኝም። አያ ዓሪፍም ሲጃራው እንደ ሐኪሙ ቃል በአንድ ቀን አልሆነላቸውም፤ ሐሙስ ዕለት ከጓሮ ሲወጡ አፋቸው ሸተተኝ። አልጮህኩም። ‹ስንተኛዋ ናት?› ብቻ አልኳቸው። ‹ሁለተኛዋ› አሉ። ከፓኮ ሁለት ትሻላለች ብዬ ተውኳቸው።

ዛፉ ሥር ሰባ የሚሆን ሰው ነበር፤ ከሴት የራሳቸው ማሳ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ሻርፔን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አያ ዓሪፍ የማንንም ውሃ አላጎደሉም። ማንም አልከሰሳቸውም። እንዲወርዱ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለእግራቸው አዝኜ ነበር፤ ሐኪሙ ግን መቀመጣቸው ነው የጎዳቸው አለ። የእግራቸው የደም ሥር ደንድኗል። መራመድ አለባቸው። ስማቸውንም እግራቸውንም የጎዳሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ በሉኝ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ሚስት የሻረችው የውሃ አባት ዛሬ ገና አየሁ!» አለና ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ።

አብዱሰመድ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። «አብሽሩ እትዬ ዓቢዳ! እኔስ የላይኛው ሰው ሲሰድበኝ፣ የታችኛው ሲረግመኝ፣ ፀጉሬ ሊነጣ ነው። ዛሬውኑ ይረከቡኝ!»

ያልሣቀችው ጎረቤቴ ቡርቱካን ብቻ ነበረች። «እሺ ይሂዱ። ቦዩ ላይ ብቻቸውን ሳሉ ቢወድቁስ?» አለች።

እኔው ለራሴ ስጠይቀው የከረምኩት ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ፣ አያ ዓሪፍም አዩኝ።

«እኔም እፈራለሁ» አልኩ። «መፍራቴን አልተውኩም። ግን ቤት አስቀምጬ ስጠብቃቸው መስጊድ መድረስ አቃታቸው። ቦዩ ላይ ሰው አይጠፋም፤ ያያቸው ሁሉ ይጠብቅልኝ። ክኒናቸውን እኔ እጠብቃለሁ።»

ተመካከሩ። እግራቸው እስኪጠና እስከ ሚያዝያ ድረስ መዝጊያና መክፈቻውን፣ ከሩቅ ማሳ የሚመጣውንም ጥሪ አብዱሰመድ ይዞ እንዲረዳ፣ የማለዳው ጉዞና ዳኝነቱ ግን ወደ አያ ዓሪፍ እንዲመለስ ወሰኑ። ማን እንዳጨበጨበ አላውቅም፤ እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ስንወጣ መንገዱ ላይ አጠገቤ መጡ። «ደህና ተናገርሽ» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ስለ እኔ ለሰው ከመናገርሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂስ አልልም። እንዴት ብዬ እምላለሁ? እሞክራለሁ።»

ከት ብለው ሣቁ። ወደ ጠለፋው ጥቂት ወጣ ብለው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። አብሬያቸው ልሂድ ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«በሉ ይሂዱ፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር» አልኳቸው፤ እኔም ወደ ቤቴ ታጠፍኩ።