ወደ ፊት ጠጋ በሉ

በተማሪዎቹ የአምልኮ ኮንፈረንስ ላይ በበጎ ፈቃድ አስተናጋጅ የሆነችው ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን «ጠጋ በሉ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። ምን ይደረግ፣ ቀኑን ሙሉ «እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትለምን ዋለች። ተማሪዎቹ ግን በሩ አጠገብ ያሉትን የኋላ ወንበሮች ሙጭጭ አድርገው ይዘው፣ «እዚህ ይመቸናል፣ እህታችን» ይሏታል። ደግሞ በፈገግታ! ይበልጥ ያበገናት ፈገግታቸው ነው። ሰባኪውም ለባዶ ወንበር ሲሰብኩ ዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው የኋላ ወንበሮች ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አስቀምጠው፣ ቦታ ይዘው ለሻይ ወጡ። እሷ የድምፅ ባለሙያውን በልመናም በቁጣም አስነሥታ፣ አትሮኖሱን ተሸክመው በሩ አጠገብ አቆሙት፤ ወንበሮቹንም አንድ በአንድ ወደዚያው አዞሯቸው። መጽሐፍ ቅዱሶቹን ግን ንክች አላደረጓቸውም።

ተማሪዎቹ ሲመለሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከሰባኪው አፍንጫ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። በእሳቸው ፊት መጽሐፉን አንሥቶ ወደ ኋላ የሚሸሽ ደፋር ከየት ይምጣ? አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

እሷ ወንበር ስታዞር እግሯ አልቆ ነበርና፣ ሰው ወደሌለበት የመጨረሻ ረድፍ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ዘፍ አለች። ገና «እፎይ» ሳትል ሰባኪው በማይክሮፎን ተጣሩ።

«እዚያ ጥግ ያለሽው እህታችን፣ ወደ ፊት ጠጋ በይ እንጂ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።

«እዚህ ይመቸኛል፣ አባቴ» አለች፣ በፈገግታ።