ያልገጠመው ግጣም

ሽማግሌው ሙዚየሙ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ እግራቸው አልረጋም። የቀረው ቤተሰባቸው አንዱን የመስታወት ሣጥን አይቶ ሳይጨርስ እሳቸው ሦስተኛው ጋ ደርሰው ይመለሳሉ።

«አባባ፣ ምነው ጉንዳን እንደ ወረረው ሰው ተቁነጠነጡ?» አለች ልጃቸው። አስተማሪ ናት፤ ሰው ሁሉ ተማሪዋ ይመስላታል። «የመጣነው ለእርስዎ ብለን ነው። ቆፍረው ያወጡትን ማሰሮ ለልጄ ያሳዩዋት እንጂ!»

«ታየዋለቻ፤ የት ይሄዳል» አሉ ሽማግሌው። ላብ አጥምቋቸዋል።

ነገሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያኔ የቁፋሮ ቀን ሠራተኛ ነበሩ። ከአፈር የወጣ ዕቃ ሁሉ ይታጠባል፤ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን በሲባጎ ይታሰርለታል፤ ከዚያ ሣጥን ይገባል። እሳቸው ቁጥር ገና መልመዳቸው ነበር። የአንዱ ግጣም ካርቶን ተገልብጦ 6 ቁጥሩ 9 መሰላቸውና ከ9 ቁጥር ማሰሮ ጋር ከተቱት። ስህተቱ የበራላቸው ሣጥኖቹ ተጭነው ከሄዱ ከዓመት በኋላ፣ ልጃቸው ደብተሯን ገልብጣ ይዛ 6ቱን 9 እያለች ስትጫወት ባዩ ጊዜ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቤት ውስጥ ግን ግጣሙ የተንሻፈፈ ድስት ካዩ ሳያስተካክሉ አያልፉም። ባለቤታቸው «ከድስቴ ራስ ላይ ውረድልኝ!» ሲሉ ኖረዋል።

«ይኸው! የአባባ ማሰሮ!» ጮኸች የልጅ ልጃቸው።

ማሰሮው ግጣሙን እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ አንድ ጎን ጥሎ ቆሟል። ልጃቸው ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበች፦ «ክዳኑ እንፋሎት እንዲያስወጣ ሆን ተብሎ ዘመም ተደርጎ የተሠራ ነው። የጥንቱ ሰው ብልሃት ይታይበታል።»

«አዬ ብልሃት!» አሉ ሽማግሌው በሆዳቸው። አጠገቡ ሌላ ማሰሮ ራሱን ገልጦ ቆሟል። «ክዳኑ አልተገኘም» ይላል ወረቀቱ።

«ለክፍላችን ልጆች በሙሉ ነው የምነግራቸው!» አለች ትንሿ።

ሽማግሌው ወደ መውጫው ሄዱ። ተመለሱ። ዝም ቢሉ ጀግና አያት እንደሆኑ ቤታቸው ይገባሉ። ደግሞ ሄዱ።

«ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው» አሉ ባለቤታቸው።

«ሽንት አይደለም!» አሉና በአጠገባቸው የምታልፈውን የሙዚየሙን ባለሙያ አስቆሙ። «ልጄ፣ ያ ግጣም የዚህ አይደለም፤ የጎረቤቱ ነው። ያለቦታው የከተትኩት እኔ ነኝ።» የካርቶኑን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

ባለሙያዋ መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ፣ እኔ እኮ በዚህ ዘመም ክዳን ላይ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ።»

«አርባ!» አሉ ሽማግሌው። «በአንዲት ካርቶን?»

ባለሙያዋ ዞር ብላ ሄደች። ልጃቸው ወለል ወለሉን ታያለች። ሽማግሌው ባለሙያዋ ዘበኛ ልትጠራባቸው የሄደች መሰላቸው፤ ኮፍያቸውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨመቁት።

ቁልፍና የጨርቅ ጓንት ይዛ ተመለሰች። ሣጥኖቹን ከፈተች። ግጣሙን አነሳች፤ ራሱን በገለጠው ማሰሮ ላይ አስቀመጠች፤ በቀስታ አዞረችው። ግጥም አለ።

«ድስት ግጣሙን አያጣም» አሉ ባለቤታቸው።

ባለሙያዋ ደብተሯን አወጣች። «ይድገሙልኝ» አለች።

«እኔስ ለክፍል ልጆች ምን ልበል?» አለች ትንሿ።

«አያቴ ስድስትና ዘጠኝ አያውቁም ነበር በያቸው» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ ይሄ ይሻላል!» ብላ ሳቀች ትንሿ።

ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዙ። «እና ይኼን ሁሉ ዘመን ድስቴን ስትነካካ የኖርከው ለዚህ ነው?»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።