የእናት ምርኩዝ

ፊልሙ በውጭ አገር ሦስት ሽልማት አግኝቷል። ይህን የነገረን ጁንቴ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ነገረን።

ጁንቴ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው። ሴኡል ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ፊልሙ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ሹም ቤት ስለተፈጸመ ግድያ ነው፤ ጁንቴ የጥንት ሥርዓት አማካሪ ተብሎ ስሙ ገብቶበታል። የታክ ጎሳ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ሐሳብ መጣላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የጎሳችንን ሰው ስቀብር የኖርኩት እኔ ነኝ። የሐዘን ልብሱን እቆርጣለሁ፣ ሐዘንተኛው የሚይዘውን ምርኩዝ እጠርባለሁ፣ ማን የት እንደሚቆም እናገራለሁ። ከእንግዲህ ሥራው ለተማረው ይሰጥ ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙን አብረን አይተን እዚያው ድምፅ እንድንሰጥ ተስማሙ።

የስብሰባ ቤቱን መስኮቶች በርበሬ ማሳ ላይ በሚነጠፍ ጥቁር ፕላስቲክ ሸፈኗቸው። እኔ እማማ ሃንባት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሃንባት ሙሽራ ሆነው ሲመጡ የተነሱበት መንደር ስም ነው። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በመንደሩ ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው የለም። ቀጥሎ የምንቀብረው ማንን እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ፊልሙ በዝናብ ጀመረ። ዝናቡ ረጅም ነበር። ከዚያ ሹሙ ተመርዞ ሞተ፤ ልጁ ሻካራውን የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ ምርኩዝ ይዞ ወጣ። ምርኩዙ የኦዶንግ እንጨት ነበር፤ ግርጌው አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ።

እማማ ሃንባት በክርናቸው ጎሰሙኝ። «አየህ?»

«አየሁ።»

አባቱ የሞተበት የሚይዘው ቀርከሃ ነው። ኦዶንግ ለእናት ነው።

«ልጁ የሚያለቅሰው ለእናቱ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ሟቹማ አባቱ አይደለም! እናትየዋን የገደላት ይሄ ሹም ነው። ልጁ ደርሶበታል።»

«ደርሶበት መረዘው።»

«እሰይ፣ እጁ ይባረክ!»

ጁንቴ ከፊት ወንበር ዞረ። «ኧረ እማማ፣ ሰው ይስማበት።»

«አንተ ዝም በል፤ ገዳዩን ይዘነዋል።»

እውነቱን ለመናገር አደነቅሁ። ከመቶ ተመልካች ሁለት ሰው ብቻ የሚያየውን ፍንጭ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ እንዲህ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ጁንቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ላነሳለት ወሰንኩ።

ከዚያ ጠበቅን። መርማሪው ባርኔጣውን እያስተካከለ ሁለት ሰዓት ሙሉ በግቢው ተዘዋወረ። ሰው ሲያገኝ ይቆማል፤ ወደ ሩቅ ያያል፤ ሙዚቃ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ዝናብ። አንድ ዓይና ሐኪም ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው አንስቶ መድኃኒት ሲወቅጥ ብቻውን ይስቃል። ምርኩዙ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መጣ፤ ንፋስ እንዳይዘጋው በር ደግፈውበት ነበር።

ገዳዩ ሐኪሙ ሆነ።

«ማነው አሉ?» ጠየቁኝ እማማ ሃንባት።

«ያ የሚስቀው።»

«እሱንማ ድመቴም ታውቀው ነበር።»

በመዝጊያው የስም ዝርዝር የጁንቴ ስም ከሹፌሮቹ ስም በላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። መብራት ሲበራ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ጁንቴ፣ ልጁ ለአባቱ ለምን ኦዶንግ ያዘ?»

«የቱን?»

«ምርኩዙን።»

«እ፣ እሱን! ቀርከሃው ካሜራ ላይ የድሃ ይመስላል አሉኝ። ጥሩ እንጨት ይሁን ብዬ ፈቀድኩላቸው።»

«ፈቀድክላቸው።»

«አጎቴ፣ ሦስት አገር ሸልሞናል። ስለ ዱላ የጠየቀ አንድ ሰው አለ? ሰው የሚያየው ስሜቱን ነው።»

«እኔንም ልጄን ስሜት አስይዘህ ልታስቀብረኝ ነው?» አሉ እማማ ሃንባት ካሉበት። ሰው ሳቀ። ጁንቴም አብሮ ሳቀ።

ድምፅ ተሰጠ። ሃያ ሦስት እጅ ለጁንቴ ተነሳ። የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ቀረ። እማማ ሃንባት ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ሊቀመንበሩ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብሎ አለፋቸው።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ሃንባት እየተደገፉ የሚገፏት ጋሪ ደጄ ላይ ሲጢጥ ስትል ሰማሁ። ጋሪዋ ላይ እንደ ክንዴ የወፈረ የኦዶንግ ቅርንጫፍ ተጋድሟል።

«ከጓሮዬ ነው» አሉ። «አሁን ጥረበው፤ እያየሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ገና...»

«አታሞኘኝ። ጥረብ።»

ምርኩዝ ርዝመቱ እስከ ሐዘንተኛው ልብ ነው። ልጃቸው የሚኖረው ቡሳን ነው፤ ካየሁት ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ደረቱ ከመሬት ስንት እንደሚሆን ጠየቅኋቸው።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «እስከዚህ። ግን ያን ቀን መጉበጡ አይቀርም፤ ትንሽ ቀንስለት።»

ቀነስኩ። ወፍራሙን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ ግርጌውን አራት ማዕዘን ጠረብኩ። አራቱንም ጎን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንዱን እንደገና እንድልገው አደረጉኝ።

«አንተ ቤት ይቀመጥ» አሉ።

«ጁንቴ አይቶ ቢጠይቀኝስ?»

ጋሪያቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«የበር መደገፊያ ነው በለው። እሱ ያምንሃል።»